ልጄ «ጥቁር» የሚለውን ትሙላ ወይስ ትተወው?

የአንባቢ ደብዳቤ (ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ)፦

«የምጽፍልዎ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ቀን ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ማታና ቅዳሜ እሑድ ኡበር እነዳለሁ። የመጀመሪያ ልጄ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ጎበዝ ናት፤ ኤስኤቲ በሚሉት የኮሌጅ መግቢያ ፈተና 1490 አምጥታለች። ለኮሌጅ የምታመለክትበት ቅጽ ዘር ይጠይቃል። እሷ ‹ጥቁር› የሚለው ላይ ምልክት ላድርግ ስትል እኔ ተይው አልኳት። አንደኛ፣ ያ ዘር አይቶ ብልጫ የመስጠት ነገር የመጣው ቅድመ አያቶቻቸው በባርነት ለተገዙት ለጥቁር አሜሪካውያን ነው፤ የሰው ድርሻ አንወስድም። ሁለተኛ፣ ነገ ብትገባ ‹በቀለሟ ነው የገባችው› እንዲሏት አልፈልግም። እኔ ማትሪክ ያለፍኩት በራሴ ውጤት ነው። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ‹ፍርድ ቤት ከልክሏል፣ ከእንግዲህ ጥቁር ልጅ አይወስዱም፣ ጥቁር መሆኗን ጭራሽ ደብቁ› ይለናል።

ድርሰትም አለ። ካውንስለሯ (የትምህርት ቤቷ አማካሪ) ስለ ስደትና ስለ ረሃብ ጻፊ ትላታለች። ልጄ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፣ ረሃብ አታውቅም። እሷ የጻፈችው ስለ እናቷ ዕቁብ ነው። እናቷ ሰብሳቢ ናት፣ ልጅቷ ሒሳቡን ትይዛለች። ‹የቤታችንን ገመና ለፈረንጅ ምን አስነገረሽ?› ብዬ ተቆጣኋት። ይኸው ከዚያ ወዲህ አኩርፋኛለች። ድርሰቷን አያይዤ ልኬልዎታለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባው አባት»

ውድ ወንድሜ፣

ከባለቤትዎ ወንድም ወሬ ልነሣ፤ ያልደረሰበት የሰርግ አዳራሽና የለቅሶ ቤት የለምና። ግማሹ እውነት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁን 29 ቀን 2023 በሃርቫርድና በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ላይ በሰጠው ፍርድ፣ አንድ አመልካች ጥቁር ወይም ነጭ ወይም እስያዊ በመሆኑ ብቻ በቅበላ ላይ ብልጫ እንዳይሰጠው ከልክሏል። «ጥቁር አትቀበሉ» ግን አላለም፤ በቀለሟ ምክንያት ቢመልሷት ያው ሕግ ይከለክላቸዋል። ደግሞስ ምኗን ትደብቃለች? ስሟ የሀበሻ ስም ነው፣ የወላጆቿ የትውልድ አገር ቅጹ ላይ ይሞላል፣ የዕቁቡም ድርሰት አለ። ሳጥኗን ባዶ ብትተወው ማንን ታታልላለች?

ከፍርዱ በኋላ የሆነው ነገር እንደየትምህርት ቤቱ ይለያያል። በ2024 መኸር የገቡት ተማሪዎች ሲቆጠሩ ኤምአይቲ ውስጥ 13 በመቶ ገደማ የነበረው የጥቁር ተማሪዎች ድርሻ ወደ 5 ወረደ። አምኸርስት ኮሌጅ ከ11 ወደ 3 አሽቆለቆለ። ሃርቫርድ ከ18 ወደ 14 ዝቅ አለ። ዬል ግን 14 ነበረ፣ 14 ላይ ቀረ። ስለዚህ «አይወስዱም» የሚለው ውሸት ነው፤ «ምንም አልተለወጠም» የሚልዎት ካለም አይመኑት።

ስለ ሳጥኗ መልሴ አጭር ነው። ኮመን አፕ፣ ማለትም ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ጊዜ የሚመለከትበት ቅጽ፣ ላይ ያለው የዘር ጥያቄ በፈቃድ የሚመለስ ነው። ከፍርዱ ወዲህ ደግሞ ኮሌጆች የጥያቄው መልስ ለሚወስኑት ሰዎች እንዳይታይ ማድረግ ይችላሉ፣ ያደርጉታልም። ያቺ ምልክት ልጅዎን አታስገባም፣ አታስወጣምም። የምታገለግለው ለቆጠራ ነው። ለቆጠራ ከሆነ እውነቱን ትሙላ። የፌዴራሉ መንግሥት በማርች 2024 ያሻሻለው የዘር አመዘጋገብ መመሪያ እንኳ «ጥቁር» በሚለው ሥር በምሳሌነት ከሚዘረዝራቸው ውስጥ ኢትዮጵያዊን በስም ጠቅሶ አስገብቷል፤ ከጃማይካዊው፣ ከሄይቲያዊው፣ ከናይጄሪያዊውና ከሶማሊያዊው ጋር። እኛ ለሁለት አሥርት ዓመታት ቡና ስናፈላ የተከራከርንበትን ነገር መንግሥት በአንድ መስመር ጨርሶታል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፤ «የሰው ድርሻ አንወስድም» ወዳሉት። ይህን አብዛኛው ሰው ሳያስበው ያልፈዋል፣ እርስዎ ግን ቆመው አስበውበታል። በቀላሉ አልመልሰውም።

የነገሩ መነሻ እርስዎ እንዳሉት ነው። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ጁን 4 ቀን 1965 ከቤትዎ ብዙም በማይርቀው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ቆመው ሲናገሩ፣ ዘመኑን ሁሉ በሰንሰለት የኖረን ሰው ፈትቶ፣ ከሩጫው መነሻ አቁሞ፣ ከሌሎቹ ጋር እኩል ተወዳደር ማለት ፍትሕ አይደለም አሉ። ያ የካሣ ሐሳብ ነው። ባለቤቶቹም ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ እኛ ያኔ እዚህ አገር አልነበርንም ማለት ይቻላል።

ይሁንና ሕጉ በዚያ መንገድ አልቀጠለም። አለን ባኪ የተባለ ነጭ አመልካች በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ሕክምና ትምህርት ቤት ላይ ክስ አቅርቦ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከ100 ቦታ 16ቱን ለአናሳ ወገኖች ለይቶ ያስቀምጥ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 ያንን ኮታ ሻረ። ሚዛኑን የደፉት ዳኛ ፓወል፣ ኅብረተሰቡ ለሠራው ግፍ ዩኒቨርሲቲ ካሣ ከፋይ ሊሆን አይችልም፣ ነገር ግን የተለያየ አስተዳደግና አመለካከት ያላቸው ተማሪዎች አብረው መማራቸው ለሁሉም ትምህርት ይጠቅማልና ዘርን ከብዙ መመዘኛዎች እንደ አንዱ ማየት ይቻላል አሉ። ብዝኃነት የሚባለው ነገር የቅበላ ሕጋዊ መሠረት የሆነው ያን ጊዜ ነው። በ2003 በሚሺጋን የሕግ ትምህርት ቤት ጉዳይ ላይ ዳኛ ኦኮነር አጸኑት፤ ከ25 ዓመት በኋላ ግን አስፈላጊ እንደማይሆን እንጠብቃለን ብለው ጻፉ። ሃያ ዓመት ሲሞላው ፈረሰ።

ይህን ያስረዘምኩት አንድ ነገር እንዲታይዎ ነው። ከ1978 ጀምሮ በቅበላ ጠረጴዛ ላይ በሕግ የታወቀው ምክንያት የዕዳ ክፍያ አልነበረም። ስለዚህም የሀበሻ ልጅ፣ የናይጄሪያ ልጅና ቅድመ አያቶቿ ሚሲሲፒ ጥጥ የለቀሙላት ልጅ በአንድ ሳጥን ውስጥ ተቆጠሩ። ይህ ቅር ያሰኛቸው ሰዎች ነበሩ፤ ልክም ነበሩ። በ2004 የሃርቫርድ ጥቁር የቀድሞ ተማሪዎች በተሰበሰቡበት፣ ፕሮፌሰር ሄንሪ ሉዊስ ጌትስና ፕሮፌሰር ላኒ ጊኒየር ከዩኒቨርሲቲው ጥቁር ተማሪዎች አብዛኞቹ የካሪቢያንና የአፍሪካ ስደተኞች ወይም የእነርሱ ልጆች መሆናቸውን አንሥተው፣ አራቱም አያቶቻቸው የባሪያ ዘር የሆኑት ልጆች የት አሉ ብለው ጠየቁ። በ2007 የታተመ ጥናት በ28 መራጭ ኮሌጆች በ1999 ከገቡት ጥቁር ተማሪዎች 27 በመቶው ስደተኞች ወይም የስደተኞች ልጆች እንደነበሩ አሳይቷል፤ በአገሪቱ በዚያ ዕድሜ ከነበሩት ጥቁሮች መካከል ግን ድርሻቸው 13 በመቶ ያህል ነበር። ስለዚህ ጥያቄዎ የቂል ጥያቄ አይደለም። የእነርሱ ልጆች መቅረት የኛም ጉዳይ መሆን አለበት እላለሁ፤ ከነሱ ጋር አንድ አይደለንም እያልን ለምንኮራው ለኛ በተለይ።

መድኃኒቱ ግን ልጅዎ ጥቁር አይደለሁም ማለቷ አይደለም። የዚያችው የላኒ ጊኒየር አባት፣ ኤዋርት ጊኒየር፣ ወላጆቹ ጃማይካውያን ሲሆኑ የተወለደው ፓናማ ነው። በ1929 ሃርቫርድ ገባ። የተማሪዎች ማደሪያ ከለከሉት፤ የገንዘብ እርዳታም አላገኘም፤ ሳይጨርስ ወጣ። ማደሪያውን ሲዘጉበት የስደተኛ ልጅ ነህ ወይስ የባሪያ ዘር ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። በ1969 ያው ሰው ወደዚያው ሃርቫርድ ተመልሶ የአፍሮ አሜሪካ ጥናት ክፍል የመጀመሪያው ሊቀመንበር ሆኗል። ልጅዎንም ሱቅ ውስጥ የሚከተላት ጥበቃ አያቷ ከጎንደር ይሁኑ ከጆርጂያ አይጠይቃትም።

እርስዎ ራስዎ እዚህ የደረሱበትን መንገድም ያስቡት። በ1924 ሕግ ኢትዮጵያ የተመደበላት በዓመት 100 ሰው ነበር። ያንን የዜግነት ኮታ ያፈረሰው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው፤ የወጣውም የጥቁሮች የመምረጥ መብት ሕግ በጸደቀበት ዓመት፣ በዚያው የትግል ማዕበል ላይ ነው። ሰልፉን የወጡት፣ ውሻ የተለቀቀባቸው እነሱ ናቸው። ከዚያ በ1990 የወጣው ሕግ ዲቪን ፈጠረ። ዲቪ ምንድነው? ወደ አሜሪካ ጥቂት ሰው ለላኩ አገሮች ዕድል ልስጥ፣ የሚመጣው ሕዝብ ከአንድ ሁለት አገር ብቻ አይሁን የሚል የብዝኃነት ፕሮግራም ነው። ከአመልካቾች ሁሉ ብልጫ ስላሳዩ አልደረስዎትም፤ ከኢትዮጵያ በመሆንዎና ዕጣው ስለወጣልዎ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ድርሻ ወሰድኩ ብለው እንቅልፍ ያጡ አይመስለኝም፤ ማጣትም የለብዎትም።

«በቀለሟ ነው የገባችው» ይሏታል ብለው መፍራትዎን እረዳለሁ። አገር ቤት ሳሉ ይህን ስድብ ሰምተውታል። ለሴቶችና ለታዳጊ ክልሎች ልጆች ዝቅ ያለ የመቁረጫ ነጥብ ሲወጣ፣ ግቢ ውስጥ «በድጋፍ የገባች» እየተባሉ የተሳለቁባቸው ሴቶች ብዙ ናቸው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ላይ ሴቶች የደረሰባቸውን በደል ጠቅሶ ልዩ ድጋፍ እንደሚገባቸው ደንግጓል፤ አሽሙረኛው ግን ሕገ መንግሥት አያነብም። እዚህም አያነብም። ከ2023 ወዲህ ዘር በሕግ ከተከለከለ በኋላም ልጅዎ በሙሉ ውጤቷ ገብታ ያው ወሬ ይወራባታል፤ ሳጥኗን ሞላችም አልሞላችም። ወሬኛ ለማስደሰት ተብሎ ቅጽ አይሞላም።

ወሬው ሲመጣባት የምትመልሰው ግን ይኑራት። በሃርቫርዱ ክስ በወጣው መረጃ ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ ሃርቫርድ ከተቀበላቸው ነጭ ተማሪዎች 43 በመቶ ያህሉ ስፖርተኞች፣ እዚያው የተማሩ ሰዎች ልጆች፣ ዲኑ በልዩ ዝርዝር ያስመዘገቧቸው ወይም የሠራተኞች ልጆች ነበሩ። አባቱ ስለተማረ ገባ ተብሎ የሚሸማቀቅ ልጅ እስከ ዛሬ አላየሁም። ይህን ሌጋሲ የሚሉትን ነገር ሜሪላንድ በ2024 በሕግ ከልክላዋለች፤ በመንግሥትም ሆነ በግል ኮሌጆቿ። ፓርኪንግ ለሚሠራ አባት ልጅ ከጥቁር ነጩ ክርክር ይልቅ ይቺ ሕግ ሳትጠቅም አትቀርም፤ የተጨበጨበላት ግን የለም።

ድርሰቱ ጋ ደረስን። መጀመሪያ፣ ልጅቷ ሳታውቅ ከሆነ የላኩልኝ ዛሬውኑ ይንገሯት። ኩርፊያው ሊጨምር ይችላል፤ ኋላ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ግን ይሻላል።

አነበብኩት። ሃያ ሴቶች በወር 400 ዶላር ይጥላሉ፣ ዕጣ የወጣላት 8,000 ትወስዳለች። አራተኛዋ ባለ ዕጣ ገንዘቡን ከወሰደች በኋላ ከሥራ ወጣች፤ 16 ክፍያ ይቀራታል። የዕቁብተኞቹ ሐሳብ ዋሷን መያዝ ነበር። ልጅዎ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግታ ሌላ ነገር አመጣች፦ ሴትየዋ ለስድስት ዙር ግማሹን፣ 200 ትጣል፤ በነዚያ ዙሮች የሚደርሳቸው ስድስቱ 7,800 ይውሰዱ፤ ዕቁቡ ሲያልቅ ሴትየዋ ሦስት ወር ጨምራ 400፣ 400 እየጣለች በየወሩ ለሁለት ሁለት ሴቶች የጎደለውን ትመልስ። ሒሳቡን ደመርኩት፣ ልክ ነው። ከሁሉ የያዘኝ ግን ስድስቱን ሴቶች አንድ በአንድ እየደወለች ያስፈቀደችበት ቦታ ነው፤ አንዷ «የልጅ ነገር» ብላ ስልኩን ዘግታባት እንደገና ደወለችላት። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት!

ይህ ገመና አይደለም። ከመቶ ፋይል ዘጠና ምናምኑ ስለ እግር ኳስ ጉዳትና ስለ ኮስታ ሪካ ጉዞ የሚያወራ ድርሰት ለሚያነብ ሰው፣ ባንክ የሌለበት፣ በመተማመን ብቻ 8,000 ዶላር የሚዞርበት ዓለም ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ አፓርታማ ሲወጣለት ምን እንደሚሰማው አስቡት። ብዝኃነት በወረቀት ላይ ሲታይ ይህን ይመስላል። ልጅቷ ስለ ቀለሟ አንድ ቃል አልጻፈችም፤ ማን እንደሆነች ግን ተናግራ ጨርሳለች።

የካውንስለሯ ምክር አልተዋጠልኝም። ሴትየዋ በክፋት አይመስለኝም፤ ከፍርዱ በኋላ ሳጥኑ ሲዘጋ የመከራ ታሪክ በሩን ይከፍታል የሚል ግምት ተስፋፍቷል። ዋና ዳኛ ሮበርትስ በፍርዱ ላይ፣ አመልካች ዘሩ ሕይወቱን እንዴት እንደነካው፣ በመገለልም ይሁን በመነቃቃት፣ ቢጽፍ ዩኒቨርሲቲ ያንን ከማየት አይከለከልም ብለዋል። ነገር ግን ከዚያ ልጅ ጠባይ ወይም ችሎታ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት፤ የተከለከለውን በድርሰት በኩል መልሶ ማስገባት አይቻልም ሲሉ አክለዋል። በ2025 ደግሞ የትራምፕ አስተዳደር ዩኒቨርሲቲዎች የአመልካቾችን ዘርና ውጤት ዘርዝረው እንዲያስረክቡ አዟል፤ ቅበላ ክፍሎቹ ከበፊቱ ይበልጥ ይጠነቀቃሉ። ያልተራበች ልጅ ስለ ረሃብ ብትጽፍ ግን ሕግ ሳይመጣ ውሸት ነው፤ ቅጹ መጨረሻ ላይ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው ብላ ትፈርማለች፤ ቢደረስበት የሰጧትን ቦታ ሊነጥቋት ይችላሉ።

ስለ ጥቁርነቷ መጻፍ ከፈለገች ቦታ አላት። ብዙ ኮሌጆች ከዋናው ድርሰት ሌላ አጫጭር ጥያቄዎች ይጠይቃሉ። ሃርቫርድ ለምሳሌ ከፍርዱ በኋላ፣ ማንነትሽን የቀረጸው የሕይወት ልምድ ለኛ ምን ያዋጣል የሚል ጥያቄ አምጥቷል። ትምህርት ቤት ውስጥ «አንቺ ጥቁር ነሽ ወይስ ኢትዮጵያዊ?» ተብላ የማታውቅ የሀበሻ ልጅ ያለች አይመስለኝም። እሱን ትጻፍ ወይም ትተወው፤ ምርጫው የእሷ ነው፣ የርስዎም የኔም አይደለም።

ዋናው ድርሰት ላይ ሁለት እርማት አለኝ። የሴቶቹን ስም ታውጣ፤ ከሥራ የወጣችው ሴትዮ ማን እንደሆነች መንደሩ ሁሉ ያውቃታል። ከ650 ቃል ማለፍም አይፈቀድም፤ የአሁኑ ከዚያ በልጧል። ዕቁብ ምን እንደሆነ የምታስረዳበትን የመጀመሪያውን ገጽ ወደ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብትቀንሰው ይበቃታል። ከስልኩ ጥሪ ትጀምር።

አሁን የርስዎ የቤት ሥራ። የተጣሉበት ጉዳይ ዋጋ የለውም ባልልም፣ ልጅዎን የሚያስተምራት ወይም የሚያስቀራት ገንዘቡ ነው፤ ደብዳቤዎ ውስጥ ስለ ገንዘብ አንድ መስመር የለም። ሃርቫርድ ከ2025 መኸር ጀምሮ የቤተሰብ ገቢያቸው ከ200,000 ዶላር ያልበለጠ ተማሪዎችን የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ ከ100,000 በታች ከሆነ ማደሪያና ምግቡንም ይችላል። ኤምአይቲም ተመሳሳይ ነገር አድርጓል። ኡበር የሚነዱ ስለሆነ መኪናው የበላው ወጪ ተቀንሶ የሚቀረው ገቢ ነው የሚቆጠርልዎ፤ «ብዙ አስገባለሁና አይሰጡኝም» ብለው አስቀድመው አይተዉት። ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል መንግሥት የተማሪ እርዳታ ቅጽ የሚያየው ኮሌጅ ከምትገባበት ዓመት ሁለት ዓመት በፊት ያለውን ታክስ ነው። የግል ኮሌጆቹ አብዛኞቹ ከፋፍሳ ሌላ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ረዘም ያለ ቅጽ ይጠይቃሉ። እሱን ለመሙላት አንድ እሑድ ከኡበር ቀርተው ከልጅዎ ጋር ይቀመጡ። የዕቁብ ሒሳብ የምትይዝ ልጅ ቅጹ አያስቸግራትም፤ የታክስ ወረቀቶቹን ፈልጎ ማቅረብ ግን የርስዎ ፋንታ ነው። ቀድመው ለሚያመለክቱ ብዙዎቹ ኮሌጆች ኖቬምበር 1 ይዘጋሉ። ከዚያ በፊት እናቷ ዕቁብተኞቹን ሰብስባ ስለ ድርሰቱ ታስፈቅዳቸው።